ክብር በትርፍ ይመዘናል?

ሴቶች በኩባንያ የአመራር ቦርድ ውስጥ መቀመጥ ያለባቸው ለምንድን ነው? ዛሬ በብዛት የምንሰማው መልስ “ትርፍ ስለሚጨምሩ” የሚል ነው። ማኪንዚ የተባለው አማካሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት፣ በአመራራቸው የጾታ ስብጥር የላቁ ኩባንያዎች ከዘርፋቸው መካከለኛ ውጤት በላይ የማግኘት ዕድላቸው በ15 በመቶ እንደሚበልጥ ገልጿል። ደስ ይላል። ነገር ግን ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው አንዱ ሌላውን እንዳመጣ አያረጋግጥም፤ አስቀድሞ ያተረፈ ኩባንያ በኋላ ለሴቶች በሩን ከፍቶ ሊሆን ይችላል።

ኖርዌይን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ሕግ፣ አክሲዮናቸውን ለሕዝብ የሚሸጡ ኩባንያዎች ከቦርድ አባሎቻቸው 40 በመቶ ያህሉን ሴቶች እንዲያደርጉ ተደነገገ። በ2012 የታተመ ጥናት የኩባንያዎቹ ዋጋ በዚህ ምክንያት ቀንሷል አለ። በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ጉዳዩን እንደገና መርምሮ ጉዳት መድረሱን የሚያረጋግጥ ነገር አላገኘም።

እንግዲህ የእህቶቻችን ክብር በዚህ ክርክር ላይ ቢመሠረት ምን ይሆናል? ትርፍ ሲጨምር ይከበራሉ፤ ሲቀንስ ቦታቸውን ያጣሉ። ደግሞስ ቦርዱ በሙሉ ወንድ በነበረበት ዘመን “ወንድነታቸው ስንት አተረፈ?” ብሎ የጠየቀ ማን ነበር?

በዘኍልቍ 27 የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች በሙሴና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆሙ። አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይኖረው ስለ ሞተ ርስቱ ለእነርሱ እንዲሰጥ ጠየቁ። ሙሴም ነገራቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ። እግዚአብሔር እርሻውን ከወንዶች አብልጠው ያለሙት እንደ ሆነ አልጠየቀም። ጥያቄያቸው ትክክል መሆኑን መሰከረ፤ ርስቱም እንዲሰጣቸው አዘዘ።

ታዲያ ውጤት አይጠየቅም ማለት ነው? አይደለም። መክሊት የተቀበለ ሁሉ ሒሳቡን ያቀርባል። የሰው ችሎታና ታማኝነት ይመዘን፤ ሚዛኑ ግን ለወንዱም ለሴቷም አንድ ይሁን። እግዚአብሔር አባይ ሚዛንን ይጸየፋልና።

ይህ ነገር የኩባንያዎች ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሕብረታችሁን መሪ ኮሚቴ ስትመርጡ እህቶችን ለመዝሙርና ለመስተንግዶ ብቻ ታስቡ እንደ ሆነ ራሳችሁን መርምሩ። የአንዲት እህት ስም ሲጠቆም “ትችላለች ወይ?” ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ የወንድሟም ስም ሲጠቆም ያንኑ ጠይቁ።