700 ኪሎ ሜትር ስንት ሰዓት ነው?

የሁለት ኤርፖርቶችን ርቀት የምታሰላ ኮድ መጻፍ ለፕሮግራመር ቀላል ሥራ ነው። የሁለቱን ኬክሮስና ኬንትሮስ እንሰጣታለን፣ የመሬት ሬዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ነው እንላታለን፣ በቃ። ቦሌንና አስመራን ስንሰጣት 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ትላለች። በጄት ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስለ ድንበርና ስለ ጦርነት ግን አትጠይቅም።

የምኖረው ጌጃ ሰፈር ነው፣ ልደታ። ቦሌ ከመሠራቱ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ እዚሁ ልደታ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ መደበኛ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ የሄደው በአስመራ በኩል ነው። የዚያን ጊዜዎቹ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች አስመራ ለመድረስ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጅባቸው ነበር።

በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ቀጥታ በረራው ተቋረጠ። ስልኩም አብሮ ተዘጋ። በረራው እስከ ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ድረስ ቆመ፣ 20 ዓመት ሙሉ ማለት ነው። በዱባይ በኩል የሚዞር ሰው ከ4,500 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር ነበረበት። በረራው ከተመለሰ በኋላም ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. አየር መንገዱ የአስመራ ጉዞውን እንደገና አቆመ። አውሮፕላኑ ፈጠነ፣ መንገዱ ግን ረዘመ።

ታዲያ ርቀት የማን ሥራ ነው? ኪሎ ሜትሩ የተፈጥሮ ነው፤ ማንም አይጠየቅበትም። ሰዓቱ ግን የሰው ነው።

«መንግሥት የጸጥታ ጉዳይ አለበት፣ አየር መንገድም ንግድ ነው» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። መዝጋት የሚያስፈልግበት ጊዜም ሊኖር ይችላል። ግን ውሳኔ ከሆነ ዋጋው መቆጠር አለበት። እኛ ሀገር ቀብር ብዙ ቀን አይጠብቅም። በአንድ ሰዓት በረራ የሚደርስ ሰው አፈር ያለብሳል። ቪዛ ጠይቆ በሦስተኛ ሀገር የሚዞር ሰው ቢቀናው ለሠልስት፣ ካልሆነም ለአርባ ይደርሳል። እዚህ ሰፈር በእነዚያ 20 ዓመታት የእህታቸውን መርዶ በሰው በሰው የሰሙ እናት አሉ። ያን ጊዜ የተከፈለውን በየትኛው ሒሳብ እንመዝግበው?

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» እንላለን። ተረቱ ሩቁ ዘመድ እንዴት ሩቅ እንደሆነ አይነግረንም። አንዳንዱ ራሱ ሄዶ ነው የራቀው። አንዳንዱ ግን ከቦታው ሳይነቃነቅ ራቀ።

ለዚህ አማርኛችን ጥሩ መለኪያ አለው። «አስመራ ሩቅ ነው» ስንል የሚጠየቅ ሰው የለም። «ተራራቁ» ስንልም አድራጊው ይሸሸጋል። «አራራቋቸው» ስንል ግን «እነማን?» የሚል ጥያቄ ወዲያው ይመጣል። አንዳንዴ መልሱ «አራራቅናቸው» ነው፤ ሲዘጋ ያጨበጨብን፣ ወይም ሲዘጋ ዝም ያልን ሁሉ እዚያ ግስ ውስጥ አለን።