ለሁሉ የተካፈለ ጥፋት የማን ዕዳ ነው?

የሰው ልጅ ከመሬት በልቶ ይኖራል። መሬት ግን አፍ አውጥታ የማትጠይቅ አበዳሪ ስለ ሆነች፣ ተበዳሪው ዕዳውን ቢረሳ የሚያስታውሰው የለም። በዘመናችን ስለ እርሻና ስለ ምግብ በሊቃውንት መካከል የሚደረገው ክርክር፣ ሥሩ ሲመረመር፣ ከዚሁ ከተረሳው ዕዳ ላይ ይደርሳል። ጥያቄውም፦ የዛሬውን ሕዝብ እየመገብን ለሚመጣው ትውልድ አፈሩንና ውሃውን እንደምን እናቆይለት? የሚል ነው።

ተከራካሪዎቹን በሁለት ወገን መመደብ ይቻላል። አንደኛው ወገን፣ በተመረጠ ዘርና በፋብሪካ ማዳበሪያ የተገኘው ምርት እልፍ አእላፍ ሕዝብ ከረኃብ አድኗልና ወደ ኋላ መመለስ አይገባም ይላል፤ ስንዴን አሻሽለው እ.ኤ.አ. በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙትን ኖርማን ቦርሎግን ለምስክርነት ይጠራል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ አፈር በፍግና በብስባሽ ካልታደሰ፣ የአያት የቅድመ አያት ዘርም ካልተጠበቀ፣ የዛሬው ጥጋብ ከነገ ጉሮሮ የተነጠቀ ነው ይላል፤ በሀገራችን የገበሬውን ዘር ለመጠበቅ የደከሙት ዶክተር መላኩ ወረደ በዚሁ ሥራቸው የዓለምን ምስጋና አግኝተዋል። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ2021 የፋብሪካ ማዳበሪያን በአንድ ጊዜ ከልክላ በዚያው ዓመት ክልከላውን ለማንሣት መገደዷ፣ የሩዝ ምርቷም ማሽቆልቆሉ፣ መልካም አሳብ ብቻውን እንጀራ እንደማይሆን አሳይቷል። ነገር ግን ጉዳዩ በዘርና በማዳበሪያ ብቻ የሚያልቅ አይደለም፤ ከዚያ የሚቀድም የኅሊና ጥያቄ አለ። ይህንንም የሐረር አገር ታሪክ ይገልጽልናል።

በጀጎል ግንብ ውስጥ የሚገኘው ፈረስ መጋላ፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ የፈረስ ገበያ የነበረ አደባባይ ነው። በአደባባዩ ዙሪያ የሚኖረውና የሚነግደው የከተማ ሰው ራሱ አያርስም፤ ማሽላው፣ ቡናው፣ ድንቹና ጫቱ በዙሪያው ካለው ገበሬ ይመጣለታል። የሚጠጣውም ውሃ ለብዙ ዘመን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከሐረማያ ሐይቅ ይመጣለት ነበር። ይህ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደረቀ። ዓሣ ይጠመድበት የነበረው ሥፍራ የከብት መሰማሪያ ሆነ፤ ለከተማይቱም ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ ውሃ በቧንቧ እየተገፋ ሽቅብ እንዲመጣላት ግድ ሆነ። የሚያስደንቀው ደግሞ፣ ከሐይቁ አጠገብ በ1949 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረ የእርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ መኖሩ ነው። አቀንጭራን የሚቋቋም የማሽላ ዘር አግኝተው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ዶክተር ገቢሳ እጀታ የተማሩት በዚሁ ነው። ስለዚህ የጎደለው ዕውቀት ብቻ ነበር ለማለት አይቻልም።

ታዲያ ሐይቁን ማን አደረቀው? ገበሬው በሞተር ውሃ እየሳበ ጫቱንና አትክልቱን አጠጣ፤ ከተሞቹ ጠጡ፤ የዙሪያው ኮረብታ ዛፉ ተመንጥሮ ስለ ነበረ ደለሉ እየወረደ ሐይቁን ሞላው። ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ሐይቁን ላጥፋ ብሎ የተነሣ የለም። የገበሬው መሬት ጠባብ ነው፤ ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ሲለቀም ጫት ግን ውሃ ካገኘ በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፤ በአወዳይ ገበያም ዕለቱን ገንዘብ ይሆናል። በዚያ ገንዘብ እህል ይሸምታል፣ ልጁንም ያስተምራል። «ቡናህን ለምን ነቀልህ?» ብሎ የሚገሥጸው የከተማ ሰው፣ የጫቱን እስር ከእጁ ሳይጥል ቢገሥጸው ፍርዱ አድልዎ ይሆናል፤ ሻጭ የሚኖረው ገዢ ሲኖር ነውና።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» ይባላል። ተረቱ የተነገረው ስለ መረዳዳት ነው፤ ይሁን እንጂ ጥፋትም እንደ ሎሚው ነው። ለሺህ ሰው ሲካፈል የእያንዳንዱ ድርሻ ስለሚያንስ ኅሊናን አይከብደውም። አንድ ገበሬ ሞተሩን ቢያጠፋ ሐይቁ አይድንም፤ ራሱ ግን ይጎዳል። ስለዚህ ብቻውን መታቀብ ጅልነት ይመስለዋል፤ ጎረቤቱም እንደዚሁ ያስባል።

አሜሪካዊው ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት ጽሑፍ፣ ለሁሉ ክፍት የሆነ የጋራ ሀብት መጨረሻው ጥፋት ነው አሉ። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን በየአገሩ የመስኖ ውሃን፣ ደንንና የዓሣ ማጥመጃን የሚጠቀሙ ሰዎችን መርምረው፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ተነጋግረው ደንብ ካወጡና እርስ በርሳቸው ከተቆጣጠሩ የጋራውን ሀብት ለብዙ ዘመን ማቆየት እንደሚችሉ አስረዱ፤ እ.ኤ.አ. በ2009ም በኢኮኖሚ ትምህርት የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ይህ ለሐረር እንግዳ ትምህርት አይደለም። የሐረሪ ሕዝብ ሰርጉንና ሐዘኑን በአፎቻ ይወጣል፤ የዙሪያው የኦሮሞ ገበሬም ጉዛ በሚባለው ደቦ እርሻውን ተባብሮ ይሠራል። ሬሳውን በጋራ የሚቀብር፣ እርሻውንም በጋራ የሚያርስ ሕዝብ፣ ምንጩን በጋራ መጠበቅ አያቅተውም።

እንግዲህ ለሁሉ የተካፈለ ጥፋት የሁሉ ዕዳ ነው። ነገር ግን ዕዳው የሚከፈለው በእኩል ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ባገኘው ጥቅምና ባለው ሥልጣን መጠን መሆን አለበት። ገበሬው ውሃ እንዲቆጥብ ሲጠየቅ ጎረቤቱም እንደሚቆጥብ ዋስትና ያግኝ፤ ልጁም በዚህ ምክንያት እንዳይራብ ይታሰብለት። ውሃ የሚጠጣው ከተሜ ለኮረብታው እርከንና ለችግኙ ድርሻውን ያዋጣ። ባለሥልጣኑ ደንቡን ለትልቁም ለትንሹም ሞተር በአንድ ሚዛን ያጽና፤ መምህሩም የውሃውን ልክ ለተማሪው ብቻ ሳይሆን ለገበሬውም ያስረዳ።

በቅርብ ዓመታት ኮረብታው በእርከንና በችግኝ ከተያዘ ወዲህ፣ ዝናቡም ረድቶ፣ ወደ ሐረማያ ውሃ ተመልሶ ታይቷል። ይህ ደስታ ብቻ ሳይሆን ፈተናም ነው። መሬት ለባለዕዳዋ ሁለተኛ ጊዜ አበድራዋለችና፣ ውሃው ሲመለስ ሞተሩ ሁሉ ያለ ደንብ አብሮ ከተመለሰ፣ አላወቅንም ብለን የምናመካኝበት ምክንያት ከእንግዲህ አይኖረንም።