ኤሲውን ጋዝ ከማስሞላታችሁ በፊት

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የምትኖሩ፣ ልጆቻችሁን በሚኒቫን ከትምህርት ቤት ቤተ ክርስቲያን የምታመላልሱ ወላጆች፣ አንድ ልማድ እንድትተዉ እለምናችኋለሁ። የሐምሌ ሙቀት ሲመጣ ኤሲው እንቢ ይላል፤ ጋዝ ታስሞላላችሁ። በዓመቱ ደግሞ ያው ይደገማል።

ቤንዚን ተቃጥሎ ያልቃል፤ የኤሲ ጋዝ ግን በዝግ መስመር ውስጥ ስለሚዞር በሥራ ብዛት አያልቅም። ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። እሱን ሳያስፈትሹ ማስሞላት በሽንቁር እንስራ ውኃ መቅዳት ነው። ጉዳቱም በኪስ አያበቃም፤ በብዙ መኪኖች ውስጥ ያለው አር-134ኤ የተባለው ጋዝ አየር ላይ ሲበተን ምድርን የማሞቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ ነው። አዳዲሶቹ መኪኖች ሌላ ዓይነት ጋዝ ስለሚጠቀሙ ሁለቱን መቀላቀል ክልክል ነው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ከኮፈኑ ሥር የተለጠፈው ጽሑፍ ይነግራችኋል።

ጥፋቱ ከነጭራሹ ጋዝ ላይሆንም ይችላል። መኪናው ሲሮጥ ቀዝቅዞ መብራት ላይ ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ፣ ራዲያተሩ ጋ ያለው ፋን መዞሩን እዩ። የሾፌሩ ጎን ቀዝቅዞ የሌላው ጎን ከሞቀና ከዳሽቦርዱ ውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ አየሩን የምታከፋፍለውን ትንሽ በር የምታንቀሳቅሰው ሞተር ተጠርጣሪ ናት። ነፋሱ ራሱ ከደከመ ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራውን ፊልተር ቀይሩ፤ በአብዛኞቹ መኪኖች ያለ ባለሙያ የሚሠራ ነው።

የመኪናው ማሞቂያ ደግሞ ሙቀቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ (ኩላንት) ነው። ስለዚህ በብርድ ቀን ቀዝቃዛ አየር ከነፋባችሁ መጀመሪያ ኩላንቱ መጉደሉን ተመልከቱ፤ ሞተሩ ሳይበርድ ግን የራዲያተሩን ክዳን ፈጽሞ አትንኩ፤ ፊት ያቃጥላል። የሙቀት ጌጁ ብዙ ተነድቶም ከፍ ካላለ ቴርሞስታቱን አስመርምሩ።

ሚኒቫን ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። በብዙዎቹ ለኋላ ወንበሮች ማሞቂያ ኩላንት የሚያደርሱት ቱቦዎች ከወለሉ ሥር ያልፋሉ፤ በረዶ ሲጥል መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ደግሞ ብረቱን ይበላል። አንዱ ከተበሳ ኩላንቱ ፈስሶ ሞተሩ ሊግል ይችላል፤ የጋለ ሞተር እየነዱ መቀጠል ሞተሩን ማጣት ነው። ዘይት ስታስቀይሩ መኪናው ከፍ ብሎ ሳለ እነዚህን ቱቦዎች አሳዩ። በመኪናው ውስጥ ጣፋጭ ሽታ ከሸተታችሁ፣ የፊት መስታወቱም በቅባት ጉም ከተሸፈነ ወይም ምንጣፉ ከረጠበ ኩላንት ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል አትዘግዩ፤ ኩላንት መርዝ ነው፣ ልጆችም የነኩትን ወደ አፍ ይወስዳሉ።

ጋራዥ ስትሄዱ «ጋዝ ሙላልኝ» አትበሉ። ያያችሁትን ተናገሩ፦ መቼ እንደሚሞቅ፣ በየትኛው ጎን፣ ምን እንደሚሸት። መካኒኩ የኤሲ ጥገና ምስክር ወረቀት እንዳለው ጠይቁ፤ የአሜሪካ ሕግ ያስገድደዋል። የሚያፈስበትን ቦታ ፈልጎ ሳያሳያችሁም ለጋዝ አትክፈሉ።