ስለ ቀትር ፀሐይና ስለ ምንደኛ ዋጋ

ዋጋው በቀን ሳይሆን በሸክም ብዛት የሚቈረጥለት ሰው በቀትር ፀሐይ ቢደክም፣ የድካሙ ዕዳ የማን ነው? ጥያቄው ለጊዜው ቀላል ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን የፍትሕ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ባለችው በየቡና በዙሪያዋ ባሉት የቡና አገሮች፣ አየሩ ወይና ደጋ ስለ ሆነ ሙቀቱ እንደ አፋር በረሓ አይደለም። ቡና ለቃሚውም በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ይሠራል። ጆንያ ተሸካሚው ግን ከመኪናው እስከ መጋዘኑ ጥላ የለውም። በአልጋ ላይ የተሰጣውን የታጠበ ቡና፣ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ቅርፊቱ እንዳይሰነጠቅ በቀትር ጊዜ ይሸፍኑታል። እንግዲህ ለፍሬው የታሰበለት ጥላ ለተሸካሚው ሳይታሰብለት መቅረቱ ሊያስገርም ይገባል።

በአዲስ አበባም በስልክ የታዘዘውን ምግብና ዕቃ በሞተርና በብስክሌት የሚያደርሱ ወጣቶች አሉ። የሚከፈላቸው ባደረሱት ልክ ነውና፣ በጥላ ያረፉባት ሰዓት ዋጋ የላትም። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 የሥራን ጊዜ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። ነገር ግን በራሱ ኀላፊነት በዋጋ ለሚሠራ ሰው አይጸናም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰው የራሱ ጌታ ነው ሲባል፣ የራሱ አስጨናቂም ሆኖ ይቀራል።

«ወዶ ገብቷል፤ ማንም አላስገደደውም» የሚል ይኖራል። ይሁን እንጂ የልጆቹ እራት የሚያስገድደው ሰው ፈቃዱ ሙሉ ነው አይባልም። ሥጋም ውልን አያውቅም፤ ላብ ሙቀቱን ማብረድ ሲሳነው የሰውነት ትኩሳት ከ37 ዲግሪ ያልፋል፣ አእምሮ ይደክማል፣ ሰው ይወድቃል። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ በየዓመቱ ከ2.4 ቢሊዮን የሚበልጡ ሠራተኞች ከባድ ሙቀት እንደሚያገኛቸው አስታውቋል።

ኦሪት የምንደኛው ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲሰጠው ታዛለች፤ ድኻ ነውና፣ ነፍሱም ዋጋውን ትጠብቃለችና። ፀሐይ ሳትጠልቅ መክፈል ጽድቅ ከሆነ፣ ፀሐይ በአናት ላይ ስትቆም መራራት ደግሞ እንደ ምጽዋት ሊቈጠር አይገባም። ጥላው፣ የሚጠጣው ውሃና የቀትሩ ዕረፍት የዋጋው ክፍል ናቸው። ሸክሙን የገዛ ሰው የተሸካሚውን ጤና አልገዛምና።