የቢሮ ላፕቶፕ ሲተካ ምን ይተካል?

አንድ የቢሮ ላፕቶፕ አርጅቶ በአዲስ ሲተካ ጉዳዩ የዋጋና የፍጥነት ብቻ ይመስላል። ከሥሩ ግን የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ አለ፦ ተተኪው የቀድሞውን ቦታ የሚይዘው በምን መብት ነው? አሮጌው «ያው» ሆኖ የቆየውስ እስከ መቼ ነበር? ከእሱ ወደ አዲሱ የሚሻገረው ምንድን ነው? በጋምቤላ ክልል ይህ ጥያቄ በሁለት ምክንያት ይጠነክራል። አንደኛ፣ አየሩ መሣሪያን ቶሎ ያስረጃል። ሁለተኛ፣ ምትክ ምን እንደሆነ የኑዌርና የአኙዋ ሕዝቦች ላፕቶፕ ከመምጣቱ ብዙ አስቀድመው በጥልቀት ያሰቡበት ጉዳይ ነው።

ጋምቤላ ከተማ ባሮ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በበጋው መገባደጃ ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚደርስባቸው ቀናት አሉ። የሊቲየም ባትሪ ሙቀት ሲበዛበት በውስጡ ያለው ኬሚካላዊ ሂደት ይፈጥንና ኃይል የመያዝ አቅሙ ይወርዳል። ፋኑ በአቧራ ሲታፈን ደግሞ ፕሮሰሰሩ ራሱን ከቃጠሎ ለማዳን ሥራውን ያዘገያል። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል፤ ሴቭ ያልተደረገው ደብዳቤም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ገና ብዙ የሚሠራ ተብሎ የሚታይ ማሽን እዚህ ጡረታው ሊቀርብ ይችላል።

እርጅና ግን ሁልጊዜ ከአካል አይመጣም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕ ያላቸውንና፣ ከኢንቴል ወገን፣ በአመዛኙ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር የተገጠመላቸውን ነው። ጭረት እንኳ ያልነካው፣ ትናንት ሲሠራ የዋለ ማሽን ሩቅ አገር በተወሰነ ውሳኔ «አሮጌ» ተባለ ማለት ነው። በሌላ በኩል ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አሮጌው ያረጀው በአዋጅ፣ አዲሱ የራቀው በምንዛሪ ነው። በዚህ መሐል የቀረው አማራጭ ብዙ ጊዜ ጥገና ነው፤ የማንነት ጥያቄም የሚጀምረው ከጥገና ነው።

ፕሉታርክ እንደጻፈው አቴናውያን የቴሴዎስን መርከብ ሳንቃዋ በበሰበሰ ቁጥር በአዲስ እየተኩ ለብዙ ዘመን አቆይተዋታል። ፈላስፎቹም ያቺው መርከብ ናት፣ አይደለችም እያሉ ተከራከሩባት። ፈላስፋው ቶማስ ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1655 ነገሩን አከረረው፦ አንድ ሰው የተነሱትን ሳንቃዎች ሁሉ ሰብስቦ በቀድሞ ቦታቸው መልሶ ቢገጥማቸው ሁለት መርከቦች ይኖራሉ፤ የቴሴዎስ የትኛዋ ናት? በኮምፒውተር ጥገና ቤት ይህ የመጽሐፍ ምሳሌ አይደለም። የአንዱ ስክሪን፣ የሌላው ኪቦርድ፣ የሦስተኛው ማዘርቦርድ ተገጣጥመው አንድ የሚሠራ ማሽን ይሆናሉ። የመሥሪያ ቤቱ የንብረት መለያ ቁጥር የተጻፈው በክዳኑ ላይ ከሆነ፣ ክዳኑ ወደ ሌላ ማሽን ሲዛወር ቁጥሩም አብሮ ይዛወራል፤ መዝገቡም በውስጡ የቀድሞው አካል ምንም የሌለበትን ዕቃ «ያው ነው» ይላል። መዝገብ ለሆብስ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ደካማ መልስ ነው።

ጥገና የሚቻለው ግን ዕቃው ክፍሎች ሲኖሩት ነው። የባሮን ውኃ የሚቀዝፉት የአኙዋ ታንኳዎች ከአንድ ግንድ ተፈልፍለው የሚሠሩ ናቸው፤ የሚነቀልና የሚተካ ሳንቃ የላቸውም፣ ግንዱ ከበሰበሰ ታንኳው አበቃ። የቢሮ ላፕቶፕ በቅርብ ዓመታት ከመርከብ ወደ ታንኳ እየተለወጠ መጥቷል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ቲንክፓድ ቲ480 ከውጭ ተነቅሎ በሌላ የሚተካ ባትሪ ነበረው፤ በዓመቱ የተከተለው ቲ490 ይህን አስቀረ። ቀጭኑ ኤክስ1 ካርቦን ደግሞ ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዶ ይመጣል። ስለዚህ ከአሮጌው ሞዴል ወደ አዲሱ መሸጋገር ከአንድ ዓይነት ህልውና ወደ ሌላ መሸጋገር ነው፤ ቀስ በቀስ መታደስ ከሚችል ዕቃ በአንድ ጊዜ ወደሚሞት ዕቃ። መብራት በሚቆራረጥበት፣ መለዋወጫ ከሩቅ በሚመጣበት ከተማ ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው፤ ገዢ መሥሪያ ቤቶችም ከፍጥነቱ እኩል ሊመዝኑት ይገባል።

ማንነትን በአካል ሳይሆን በትውስታ የፈለገው ፈላስፋው ጆን ሎክ ነው። በሎክ እይታ ሰውን ትናንት የነበረው ሰው የሚያደርገው ሥጋው ሳይሆን የትናንቱን ሥራ የራሱ አድርጎ ማወቁ ነው። ይህን ወደ ላፕቶፕ ያመጣ ሰው መልሱ ቀላል ይመስለዋል፦ በሀርድ ዲስኩ ያለው ሁሉ ወደ አዲሱ ከተገለበጠ አዲሱ አሮጌው ነው። አማርኛ የተጻፈበትን የቆየ ፋይል የከፈተ ግን ሌላ ነገር ያያል። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ ቢሮዎችም ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ አማርኛ የሚጻፈው የግዕዝ ፊደላትን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ባስቀመጡ ፎንቶች ነበር። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት በፎቶ የገባው ማኅተም ሰማያዊ ሆኖ በቦታው ይታያል፤ ከማኅተሙ በላይ ያለው ጽሑፍ ግን የላቲን ፊደላት፣ የቅንፍና የጥያቄ ምልክቶች ትርምስ ይሆናል። ከፋይሉ አንድም ነገር አልጎደለም፤ ሁሉም ተገልብጧል፤ ሆኖም የሚያነብ የለም። ፎንቱ ሲጫን አማርኛው ይመለሳል። ትውስታው በዲስኩ ውስጥ ብቻ አልነበረም፤ በፋይሉ፣ በፎንቱና የትኛው ፎንት እንደሚያስፈልግ በምታውቀው ጸሐፊ መካከል ነበር። መገልበጥና ማስታወስ የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

አካልም ትውስታም ካልበቁ ሦስተኛው መንገድ ከክልሉ ሕዝቦች አስተሳሰብ ይገኛል። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ኢቫንስ-ፕሪቻርድ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል ከኑዌሮች መካከል ተቀምጦ ያጠናውን ሃይማኖታቸውን የሚመለከት መጽሐፍ በ1956 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። በሱ ዘገባ መሠረት መሥዋዕት የሚገባው በሬ ነው፤ በሬ በሌለ ጊዜ ወይም ጉዳዩ ቀላል ሲሆን አንድ የዱር ዱባ መሰል ፍሬ በቦታው ይቀርባል። በዚያ ሰዓት ፍሬው በሬ ተብሎ ይጠራል፣ እንደ በሬም ይሰዋል። አቅራቢው ግን በዓይኑ ተታሎ አይደለም፤ ፍሬው ፍሬ መሆኑን ያውቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አባባሉ አይገለበጥም፦ ፍሬው በሬ ነው ይባላል እንጂ በሬ ፍሬ ነው አይባልም። ምትክነት አቅጣጫ አለው ማለት ነው። ተተኪው የሚቆመው ከእሱ በፊት ለነበረ ግዴታ ነው፤ ግዴታው ባይኖር ፍሬው ተራ ፍሬ ነበር።

በጋብቻም ያው አስተሳሰብ ይታያል። አንድ ኑዌር ልጅ ሳይወልድ ቢሞት ወንድሙ ወይም ሌላ ዘመዱ በሟቹ ስም ሚስት ያገባለታል፤ የሚወለዱት ልጆች የሟቹ ልጆች ናቸው። ወላጁ ሥጋውን ሰጥቷል፤ ስሙና ቦታው ግን የሌላ ናቸው። እዚህ ላይ ቀጣይነትን የሚሸከመው አካልም ትውስታም አይደለም፤ በሌላው ስም ቆሞ የእሱን ዕዳ መቀበል ነው።

የአኙዋ መኳንንት የክብር ዶቃ ግን ከዚህ ተቃራኒ ጎን ይቆማል። ይህ ጥንታዊ ዶቃ ከመኳንንቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የኖረ የሥልጣን ምልክት ነው፤ የያዘው ሰው ይለወጣል፣ ዶቃው አይለወጥም። የበለጠ የሚያብረቀርቅ አዲስ ዶቃ ቢሠራ ዋጋ የለውም፤ ክብሩ የተመሠረተው እነማን አንገት ላይ እንደነበረ በሚናገረው ታሪክ ላይ ነውና። እንግዲህ ዕቃዎች ሁለት ወገን ናቸው፦ ቦታቸው በሌላ ሊሞላ የሚችሉና፣ ራሳቸው ቦታው የሆኑ። የቢሮ ላፕቶፕ ሲገዛ ከመጀመሪያው ወገን ነው። ስምንት ዓመት ከሠራ በኋላ ግን የሁለተኛው ጠባይ በጥቂቱ ይጋባበታል፦ ፊደላቸው የተፋቀ ቁልፎች፣ በየትኛው ፎልደር ምን እንዳለ የሚያውቅ እጅ። ሠራተኛው አዲሱን ተቀብሎ አሮጌውን ለመስጠት የሚያቅማማው በስንፍና አይደለም፤ ከዶቃው ጋር የሚጋራውን ይህን ጠባይ ስለሚያውቅ ነው።

አዲስ መፈለግስ ተገቢ የሚሆነው መቼ ነው? ለዚህ የነዋሪው እምነት መልስ አለው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከጋምቤላ ክልል ነዋሪ 70 በመቶ ያህሉ ፕሮቴስታንት ነበር፤ ኦርቶዶክሶች፣ ካቶሊኮች፣ ሙስሊሞችና የባህላዊ እምነት ተከታዮችም አሉ። የክርስትና የመጋቢነት ትምህርትና የእስልምና የብክነት ክልከላ በዚህ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፦ ሰው በእጁ ያለው አደራ ነው። አደራ ግን ለሁለቱም ወገን ይፈርዳል። የሚሠራ ማሽን ለክብር ሲባል መጣል ብክነት ነው። በሌላ በኩል ባለጉዳይ ከኢታንግ ወይም ከአቦቦ ወረዳ ተሳፍሮ መጥቶ፣ ማሽኑ እስኪከፈት ግማሽ ቀን በረንዳ ላይ ሲቀመጥ፣ አሮጌውን የሙጥኝ ማለትም ብክነት ነው፤ የሚባክነው የሌላ ሰው ዕድሜ ነው። «ይበቃል» የሚለውን መለኪያ የሚይዘው ከወንበሩ ማዶ የቆመው ባለጉዳይ ነው እንጂ ከወንበሩ ላይ የተቀመጠው አይደለም።

ከዚህ ተነስቶ ሲታይ ርክክብ ከወረቀት ሥራ በላይ ነው። አዲሱ ላፕቶፕ በሞዴል 19 ቅጽ ገቢ፣ በሞዴል 22 ቅጽ ወጪ ይሆናል፤ ተረካቢው ይፈርማል። ፊርማው ዕቃውን ያንቀሳቅሳል፣ ቦታውን ግን ብቻውን አያስተላልፍም። ቦታው የሚተላለፈው የቆዩት ፎንቶች ሲጫኑ፣ በአሮጌው የተጀመሩት ጉዳዮች በዝርዝር ሲነገሩ፣ መልስ የሚጠብቁት ሰዎች ስም ወደ አዲሱ ሲሻገር ነው። ይህ ሳይሆን ሲቀር ቢሮው «ፋይሉ በድሮው ኮምፒውተር ነበር» ይላል፤ ያን ጊዜ አዲሱ ማሽን ምትክ አይደለም፣ ሌላ ማሽን ነው።

አሮጌውም የሚገባው ነገር አለ። ክልሉ ከደቡብ ሱዳን የመጡ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችን ያስጠለለ ነው፤ በየቢሮውና በየጤና ጣቢያው ላፕቶፕ የሰዎች ስም፣ ሕመም፣ የቤተሰብ ሁኔታ ተመዝግቧል። ፋይል «ዲሊት» ሲደረግ በተለመደው ሀርድ ዲስክ ላይ የሚጠፋው ማውጫው ነው፤ ይዘቱ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ይቆያል፣ በቀላል ሶፍትዌርም ይመለሳል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ያስገድዳል። አደራውን ወደ አዲሱ ያሻገረ መሥሪያ ቤት ከአሮጌው ላይ ማንሳት አለበት፤ ዲስኩ በሙሉ ካልተጻፈበት ወይም ካልተሰበረ አደራው በሁለት ቦታ ይቀራል፣ በአንዱ ጠባቂ የለውም።

ዲስኩ ከጸዳ በኋላ ማሽኑ ገና የሚሠራ ከሆነ ቀላል ሥርዓተ ክወና ተጭኖበት ለትምህርት ቤት ይበቃል፤ ካልሠራ ለሌሎች መለዋወጫ ይሆናል። በንብረት ክፍል መጋዘን «እስኪወገድ» ተብሎ ለዓመታት መቆለል ከሁሉም የከፋው ነው፤ የሚጠቅመው ክፍል ሁሉ እዚያው ያረጃል፣ ያበጠ ባትሪም የእሳት አደጋ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም የተጣለው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ 62 ሚሊዮን ቶን ሲሆን፣ በሥርዓት ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ባትሪው ተለይቶ መውጣት፣ የቀረው ወደሚፈታበት ቦታ መላክ፣ መዝገቡም ላይ መለያ ቁጥሩ መሰረዝ አለበት፤ ቁጥሩ ካልተሰረዘ በመዝገብ የሚኖር፣ በእጅ የማይገኝ ላፕቶፕ ለቀጣዩ ተረካቢ ዕዳ ሆኖ ይተላለፋል።