ስለ ምግብ ጣዕምና ስለ ጎረቤት ድርሻ

ጣፋጭ ምግብ መውደድ በደል ነውን? ጥያቄው የቈየ ነው፤ ብዙ አበውም መርምረውታል። በዛሬው ዘመን ግን ገበያው ስለ ሰፋ፥ ጥያቄው ከገዳማውያን በአት ወጥቶ በከተማ ሰው ደጅ ቆሞአል። በአዲስ አበባ የተመረጠ ምግብ በሚሸጥባቸው ሱቆች መስታወት ውስጥ ፕሮቮሎኔና ሞዛሬላ የተባሉ አይቦች ተደርድረው ይታያሉ። ስማቸው ኢጣልያዊ ነው፤ ከእነርሱ መካከል ግን በዚሁ አገር ከታለበ ወተት በዚሁ አገር ሰዎች እጅ የተሠሩ አሉ። ከአሰላ ለጉዳይ የሄደ ሰው እንዲህ ወዳለው ሱቅ ቢገባ አስቀድሞ ይደነቃል፤ አይብ ማለት ለእርሱ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ከገበያ የሚመጣ፥ ነጭና ልል የሆነ፥ ጥቂት ቀን ሲቈይ የሚቈመጥጥ ምግብ ነውና። እዚህ ግን ወራት የቈየ፥ እንደ ሰም የጠነከረ፥ በቢላዋ የሚቈረጥ አይብ ያያል። ይቀምሰዋል፤ ይጣፍጠዋል። ዋጋውን ሲሰማ ልቡ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ «የእግዚአብሔር በረከት ነውና ግዛ» ይለዋል፤ ሁለተኛው «ስንቱ ሰው ጦሙን በሚያድርበት አገር ይህን መብላት እንዴት ይገባል?» ይለዋል።

ሁለተኛው ልብ ሁልጊዜ ትክክል ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። ምላስን የፈጠረ ጣዕምንም የፈጠረ እርሱ ነው። እሴይ ልጁን ዳዊትን ወደ ጦር ሰፈር በላከው ጊዜ ለሻለቃው ያስያዘው እጅ መንሻ አሥር አይብ ነበረ፤ ጻድቁ ኢዮብም ስለ ሰው አፈጣጠር ሲናገር የወተትን መርጋት ምሳሌ አድርጎአል። ሥራውም ጥበብ ነው። ደረቁን አይብ የሚሠራ ሰው ወተቱን ለብ አድርጎ ያረጋዋል፤ የረጋውን ይቈራርጣል፤ አጓቱን አጥልሎ ጨው ያገባበታል፤ ከዚያ በኋላ በቀዝቃዛ ቤት እያገላበጠ ያቈየዋል። ማርጊያው በጥንት ዘመን ከሚጠባ ጥጃ ጨጓራ የሚወጣ ነበረ፤ ስለዚህም ጠቦትን በእናቱ ወተት መቀቀል የተከለከለበትን የኦሪት ሕግ አንሥቶ የሚከራከር ጠያቂ አይታጣም። ዛሬ ግን አብዛኛው ማርጊያ በዐይን ከማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን የሚዘጋጅ ስለ ሆነ ይህ ክርክር ለጉባኤ ቤት ጨዋታ ይቅር።

የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ አይብ 10 ሊትር ያህል ወተት ይወስዳል። ያልተዳቀለች የአገር ላም በቀን የምትሰጠው ከ1 እስከ 2 ሊትር ነው፤ እንግዲህ በአንድ ኪሎ አይብ ውስጥ የአንዲት ላም የሳምንት ወተት አለ። ያ ወተት ወደ ሱቁ ባይሄድ ኖሮ ወዴት ይሄድ ነበር?

በጭላሎና በካካ ተራሮች ግርጌ፥ በአርሲ ደጋ፥ ወተት የቤት ክብር ሆኖ ኖሮአል። ሴቲቱ ዕቃውን በወይራ ጢስ ታጥናለች፤ ወተቱን ለቀናት ታጠራቅማለች፤ ሲረጋም ትንጠዋለች። ቅቤው ይወጣል፥ አሬራው ይቀራል። አሬራው በለስላሳ እሳት ሲሞቅ አይብ ይሆናል፤ ከአይቡ የተለየው ውሃ አጓት ይባላል። ቅቤው ለገበያ፥ አይቡ ለገበታ፥ አሬራው ለልጅና ለጎረቤት ነው፤ አጓቱም ቢሆን አይደፋም። ላም የሌላት ጎረቤት ልጅዋን ዋንጫ አስይዛ ብትልክ የሚያፍርም የሚያሳፍርም የለም። በየደጁ ቆሞ ስለ ስመ ማርያም የሚለምነው የቆሎ ተማሪም ከቁራሹ ጋር አሬራ የሚቀዳለት ቤት ያገኛል። የቅቤውና የአይቡ ገንዘብ ደግሞ በብዙ ቤት የእናቲቱ ነው፤ ባልዋ አይቈጥረውም፤ ጨውና ዘይት፥ የልጅም ደብተር የሚገዛው በእርሱ ነው።

ወተቱ ሳይናጥ በጥሬው ሲሸጥ ግን ይህ ሥርዐት ይለወጣል። ገንዘቡ በብዙ ስፍራ በአባወራው ስም ይከፈላል፤ ቅቤ የለም፥ አሬራም የለም። በደብተር ሲሰላ ቤቱ በልጽጎአል፤ ዋንጫ የያዘው የጎረቤት ልጅ ግን ባዶውን ይመለሳል። ክፉ ያሰበ ሰው የለም። ላሚቱም ያችው ናት፥ ሰዎቹም እነዚያው ናቸው።

አርሲ ከዚህ የሚበልጠውን አይቶአል። በ1960 ዓ.ም. መባቻ ግድም የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው ካዱ የተባለውን የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት መቀመጫው አሰላ ሆኖ እንዲቋቋም አደረጉ። ድርጅቱ የተሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ አከፋፈለ፤ የአገሩን ላም ከውጭ አገር ዘር ጋር አዳቀለ፤ ወተትም እየሰበሰበ ለገበሬው ገበያ አገኘለት። ሐሳቡ ትንሹን ገበሬ ለመርዳት ነበረ፤ መልካምም ሐሳብ ነበረ። ነገር ግን መሬቱ ምን ያህል ትርፍ እንደሚሰጥ ያዩ ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን ከኖረበት አስነሡት። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ቤተ ሰብ እንዲሁ ተፈናቀለ። በረከቱ በዝቶ ሳለ በረከቱን ያበቀለው ሰው ከማዕዱ ተነሣ።

በሌላ ወገን ደግሞ የጾም ነገር አለ፤ ይህንም ቸኩሎ የሚፈርድ ሰው ይረሳዋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብም በየሳምንቱ አሉ። ላሚቱ ግን ሁዳዴ መግባቱን አታውቅም፤ ትታለባለች። ያን ጊዜ ወተት ገዢ ያንሳል፤ ዋጋው ይወድቃል፤ የተረፈውም ይበላሻል። በአሰላ ሙስሊሙ ጎረቤት ስለሚገዛው ጉዳቱ ይቀልላል፤ ክርስቲያን በበዛበት ወረዳ ግን ገበሬው ክፉኛ ይከስራል። ደረቅ አይብ ለዚህ መድኃኒት ነው። በጾም የረጋው ወተት ቈይቶ ለፋሲካ ይደርሳል፤ ከፋሲካም በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ጾም የለምና ገዢ አያጣም። እንግዲህ በመስታወቱ ውስጥ ያለው አይብ በሁዳዴ ሊደፋ ከነበረ ወተት የተሠራ ከሆነ ገበሬውን አዳነ እንጂ ማንንም አላስራበም። ከልጅ ዋንጫ የተቀነሰ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ሁለቱ አይቦች ግን አንድ ዐይነት ይጣፍጣሉ፤ ምላስ አይለያቸውም።

ቅዱስ ጳውሎስ በገበያ የሚሸጠውን ሳይመረምሩ መብላትን ለቆሮንቶስ ሰዎች ፈቅዶአል በማለት «ምን አስጠየቀን?» የሚሉ አሉ። ሐዋርያው የተናገረው ግን ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ ነው፤ ስለ ድኻ ድርሻ አይደለም። በዚያም ላይ የወንድም ሕሊና የሚጐዳ ከሆነ መተው እንደሚገባ ጨምሮአል። ነቢዩ አሞጽም የሰማርያን ባለጠጎች የወቀሰው ጠቦቱ ስለ ጣፈጣቸው ሳይሆን የወገናቸው ጥፋት ስላልተሰማቸው ነው። ስለዚህ ገዢው ባለሱቁን ይጠይቀው፤ ወተቱ ከማን ተገዛ? በምን ወር? ገንዘቡስ በማን እጅ ገባ? ባለሱቁ ላያውቅ ይችላል፤ አራት አምስት ሰው ቢጠይቀው ግን ለማወቅ ይገደዳል።

ከገበሬው ወገን ደግሞ ጠቢባን ቤቶች አሉ። የጠዋቱን ወተት ለሰብሳቢው ያስረክባሉ፤ የማታው ወተት ግን አይሸጥም። እርሱ በወይራ ወደ ታጠነው ዕቃ ገብቶ ይረጋል፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ይናጣል። የጎረቤቲቱ ልጅ የመናጫውን ድምፅ ሲሰማ ዋንጫውን ይዞ ይመጣል።