ስንጥቁ ማንን ይይዛል?

ወንድሜ ዲላ አቅራቢያ ካለ የድንጋይ ካባ ወድቆ ሲሞት ለቅሶ የደረሰ ሁሉ «ቀኑ ደርሶ ነው» አለኝ። ሰባኪውም በመቃብሩ ላይ ይህንኑ ደገሙት። የጨበጠው ድንጋይ ግን ተገንጥሎ አብሮት ወርዷል። ትናንት የያዘው ድንጋይ ዛሬ ለምን ከዳው? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ።

ግራ መጋባቴን ያባሰው በትግራይ ያለው የገራልታ ወሬ ነው። ወደ አቡነ የማታ ጉህ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ምእመን ጫማውን አውልቆ ቀጥ ያለውን የአሸዋ ድንጋይ በእጅ በእግሩ ይወጣል። ከዚያ ወድቆ የሞተ የለም፣ ጻድቁ ይጠብቃሉ ይባላል። ታዲያ ወንድሜን ማን ጠበቀው? እሱ እኮ ሳይጸልይ መዶሻ አያነሳም ነበር። ይህን ስጠይቅ ሰባኪው ተቆጡ። ቁጣ መልስ ስላልሆነልኝ ፊቴን ወደ ድንጋዩ አዞርኩ።

በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ከመነሳቱ በፊት ገራልታ ሄድኩና ከቤተ ክርስቲያኑ ርቄ፣ ከላይ በገመድ ታስሬ፣ አንድ ቀጭን ስንጥቅ ሞከርኩ። አሜሪካዊቷ ማይካ ቡርሃርት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 በዚያ አገር ድንጋይ ላይ ወጥታ መጽሐፍ ጽፋለች፤ መንገዱ አዲስ አይደለም። አውራ ጣቴን ወደ ታች አድርጌ ሌሎቹን ጣቶች እስከ መጀመሪያው አንጓ አስገባሁ። ክርኔን ወደ ታች ስጥል ጣቶቼ ተጠማዘዙና ሁለቱን ግድግዳ ገፉ። የሚጨበጥ ነገር ሳይኖር ተንጠለጠልኩ። ቀይ አሸዋ ከጥፍሬ ሥር ይረግፍ ነበር።

ሰበቃ የሚወሰነው በግፊቱ እንጂ በሚነካካው ስፋት አይደለም ብለው ያስተማሩኝ መምህር ትዝ አሉኝ። «ለምን?» ያለ ተማሪ ከክፍል ይወጣ ነበር። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት አሞንቶን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1699 ያወጣው ይህ ሕግ እንደ ወንጌል ተነገረን፤ ቆዳና ጎማ ሕጉን በደንብ እንደማይከተሉ ማንም አልነገረን። ቀጭን ስንጥቅ የሚከብደውም ጫማ ስለማይገባበት ነው፤ እግር ውጭ ይቀርና ክብደቱ ሁሉ ጣት ላይ ይወድቃል። ይህ ግልጽ ነው፤ አልዘገይበትም።

ያልለቀቀኝ ሌላ ነገር ነው። ጣቴ የሚይዘኝ ግድግዳውን ወደ ውጭ ስለሚገፋ ከሆነ፣ ወንድሜ ድንጋይ ለመሰንጠቅ ይመታው የነበረው ሽብልቅም የሚሠራው ይህንኑ ነው። የሚይዘኝና የሚፈነቅለው ግፊት አንድ ሆነ ማለት ነው! እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 ለገበያ የቀረበው «ፍሬንድ» የተባለው የድንጋይ መውጫ መሣሪያም ስንጥቅ ውስጥ ተከፍቶ ግድግዳውን እየገፋ ነው የሚወጣውን ሰው የሚይዘው፤ በለስላሳ የአሸዋ ድንጋይ ላይ ግን ጠርዙን ሰብሮ ሊወጣ ይችላል። የአሸዋ ድንጋይ ሲረጥብ ይደክማል፤ ድንጋይ በመውጣት ልምድ ያላቸው ሰዎች ከዝናብ በኋላ እስኪደርቅ የሚጠብቁት ለዚህ ነው። የእኛ የዲላ አካባቢ ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ነው፤ ቢሆንም በስንጥቁ የገባው አፈር ሲረጥብ የተላቀቀ ቅርፊት የሚይዘው ነገር ያጣል። ወንድሜ የወደቀው ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረ ማግስት ነው። በጌዴኦ ሳካሮ ሶዶ ከ1900 ዓመት በፊት ትክል ድንጋይ ያቆሙ ሰዎች ድንጋይ የት እንደሚሰነጠቅ ሳያውቁ አልቀሩም፤ ያ እውቀት ለወንድሜ ሳይደርስ መቅረቱ ያናድደኛል።

እዚህ ላይ ሰባኪው ሊረቱኝ ይችላሉ። ድንጋዩ ለምን እንደተገነጠለ ደረስኩበት እንበል፤ ጓደኞቹ ሻይ ሲጠጡ እሱ ብቻውን ለምን ወጣ? ይህን ሽብልቅ አይመልስልኝም። ምናልባት ቀን የሚባለው ይህ ይሆናል፤ አይሆንም ብዬ አልምልም። ነገር ግን ከዝናብ ማግስት ካባ የሚወጣ ልጅ ባገኝ፣ ከመንጠልጠልህ በፊት ድንጋዩን በመዶሻ ምታ፣ ባዶ ድምፅ ከሰጠህ ተወው እለዋለሁ። ይህ በአምላክ ሥራ መግባት ነው ካሉኝም ይበሉኝ።